ዘፋኟን ያልጠበቀ ሙዚቃ

ለሕፃናት ተብሎ የሚሠራ ቴያትር ለዐዋቂዎች ከሚሠራው ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ይመስለኛል። ዐዋቂ ሰው ያልጣመውን ትርኢት አይቶ ሲወጣ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ ብሎ ያማርራል፤ ሕፃን ግን ያየውን ሁሉ ቴያትር ማለት ይኸው ነው ብሎ ይቀበላል። በ2025 ጥር ወር ወደ ከተማችን መጥቶ ስለ ታየው ስለ ሲንደሬላ ሙዚቃዊ ቴያትር የግል አስተያየቴን እንዳቀርብ የአማርኛው ገጽ አዘጋጆች ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ በዚያ ምሽት በአዳራሹ ውስጥ ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አሥራ አንዱን ቈጥሬአለሁ፤ ሁለት መምህራንም ነበሩ። አብዛኞቹ ደስ ብሎአቸው እንደ ወጡ ዐውቃለሁ። እኔ አልወደድሁትም፤ ምክንያቴንም እነሆ እጽፋለሁ። ጕዳዩ ካለፈው ምሽት ይልቅ የሚመጣውን ጸደይ የሚመለከት ስለ ሆነ ወላጆችም ታግሠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የሲንደሬላን ተረት የማያውቅ አንባቢ አይኖርምና አሳጥሬ አልፈዋለሁ። እናቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ በእንጀራ እናቷ ቤት እንደ ገረድ ታገለግላለች፤ ልዑሉ ግብዣ ባደረገ ቀን አስማት የምታውቅ የክርስትና እናቷ መጥታ ዱባውን ሠረገላ፣ አይጦቹን ፈረሶች፣ ቡትቶዋን የግብዣ ቀሚስ ታደርግላታለች፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አያቴ ከታሪኩ ሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህችን የክርስትና እናት ነው። «ክርስትና ያነሣ ሰው ግዴታውን ሲወጣ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ተረቱ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፊ ስትራቦን፣ ንስር የአንዲትን ሴት ጫማ ነጥቆ በግብፅ ንጉሥ ጭን ላይ እንደ ጣለና ንጉሡም ባለጫማዪቱን አስፈልጎ እንዳገባት ጽፎአል። በቻይናም በዘጠነኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዱባውንና የመስተዋቱን ጫማ ያመጣልን ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ሲሆን መጽሐፉን ያወጣው በ1697 ነው።

ይህን ተረት ሪቻርድ ሮጀርስ ዜማውን፣ ኦስካር ሐመርስታይን ግጥሙንና ንግግሩን ጽፈው በመጀመሪያ ያዘጋጁት ለመድረክ ሳይሆን ለቴሌቪዥን ነበር። መጋቢት 31 ቀን 1957 ከኒው ዮርክ በቀጥታ ሲተላለፍ ጁሊ አንድሩስ ሲንደሬላን ሆና ተጫወተች፤ በዚያ ምሽት ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እንዳየው ተመዝግቦአል። ቀጥታ ማለት ምን እንደ ሆነ ለእኔና ለእኩዮቼ ማሰብ ያዳግተናል። ዘፋኟ ብትሳሳት ተመልሶ የሚያርም አልነበረም፤ ኦርኬስትራውም በዚያው ሰዓት እየተጫወተ አብሮአት ይሄዳል። በ1965 በሌላ ተዋናይ እንደ ገና ተሠራ። ከዚያ በኋላ በ1997 ብራንዲ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ወጣት ሲንደሬላን፣ ዊትኒ ሂውስተን የክርስትና እናቲቱን፣ ውፒ ጎልድበርግ ንግሥቲቱን፣ የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆነው ፓውሎ ሞንታልባንም ልዑሉን ሆነው የተጫወቱበት ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በቤታችን የሚታወቀው ይኸኛው ነው። የስምንት ዓመት እኅቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃልዋ ትወጣዋለች፤ ጠጕርዋ እንደ እርሷ የተሠራ ልዕልት ያየችው በዚያ ነውና አልፈርድባትም።

ወደ ብሮድዌይ መድረክ የወጣው በ2013 ነው። ዳግላስ ካርተር ቢን የሚባል ጸሐፊ ንግግሩን አድሶ ጻፈው። በእርሱ ድርሰት ልጅቱ ልዑሉን የምታገኘው ለመዳር ብቻ አይደለም፤ የድሆች መሬት እየተነጠቀ መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ ጫማዋንም በኋላ ሆን ብላ ትተውለታለች እንጂ በድንገት አይወድቅባትም። ይህን ለውጥ እኔ እጅግ ወድጄዋለሁ። ከዚህም በቀር የልብሱ ሥራ የታወቀ ነው። ዊሊያም አይቪ ሎንግ ያዘጋጀው ቀሚስ፣ ተዋናዪቱ በተመልካቹ ዐይን ፊት አንድ ጊዜ ስትዞር ከቡትቶነት ወደ ግብዣ ቀሚስነት የሚለወጥ ነበር፤ ለዚህም ሥራው በዚያው ዓመት የቶኒ ሽልማት ተሰጥቶታል። መብራት ሳይጠፋ፣ መጋረጃ ሳይወርድ፣ በሰው እጅ ስፌትና በተዋናዪቱ ልምምድ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። በ2014 ኪኪ ፓልመር በብሮድዌይ ይህን ሲንደሬላ የተጫወተች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ጨዋታው በ2015 መጀመሪያ እስኪዘጋ ድረስ ብዙ ሰው አይቶታል።

ወደ እኛ የመጣው ተዘዋዋሪ ቡድን ይህንኑ የ2013ን ድርሰት የያዘ ነበር። የቡድኑን ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም። ቲኬቱ ለአንድ ሰው 74 ዶላር ሲሆን እኛ አራት ነበርን፤ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 331 ዶላር ሆነ። እናቴ በበሽተኞች እንክብካቤ ሥራ ላይ ናት፤ ይህን ገንዘብ ለማግኘት ሁለት የሌሊት ተራ ጨምራ ሠርታለች። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ሳይሆን፣ በአዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ እናቶችና አባቶች እንደ ነበሩ ስለማውቅ ነው።

ገና ስንቀመጥ አያቴ አንገታቸውን አስግገው ከመድረኩ ፊት ያለውን የሙዚቀኞች ስፍራ ተመለከቱ። «ባለክራሮቹ፣ ባለመለከቶቹ የት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ስፍራው በጥቁር ሳንቃ ተከድኖ ነበር። ምናልባት ከመድረኩ በስተኋላ ይሆናሉ አልኋቸው። የፕሮግራሙን ደብተር ገልጬ የኦርኬስትራ መሪ ስም ብፈልግ አጣሁ። መብራቱ ጠፍቶ መግቢያው ዜማ ሲጀምር የሃያና የሠላሳ ሰው ድምፅ ከግድግዳው ከተሰቀሉት ድምፅ ማጕያዎች ወጣ። ሙዚቃው ሁሉ ቀድሞ የተቀረጸ ነበር። ይህንም በመንገድ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አልነገረንም፤ ቲኬት የሸጠልንም አልነገረንም።

ስለ ሌላው ነገር ባጭሩ ልናገር። ሠረገላው በኋለኛው ግድግዳ ላይ በመብራት የተጣለ ሥዕል ነበር፤ ልጅቱ ወደ ግራ ስትሮጥ ሥዕሉ ወደ ቀኝ ሄደ። በቤተ መንግሥቱ ግብዣ የጨፈሩት አራት ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ቀደም ሲል መሬታቸውን የተነጠቁ ገበሬዎች ሆነው ያየናቸው ስለ ነበሩ እኅቴ ድሆቹ እንዴት ተጋበዙ ብላ ጠየቀችኝ። (እንዲያውም ይህ ከታሪኩ የሚሻል አሳብ ነው አልኋት።) ያ የታወቀው የቀሚስ ለውጥ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፤ ልጅቱም ከእንጨት ከተሠራው ዛፍ በስተኋላ ገብታ ቀሚሱን ለብሳ ወጣች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኅቴ ግን አላጨበጨበችም። «አልተለወጠችም፤ ሄዳ ቀየረች» አለች። ከዚያ ምሽት ከሰማሁት ሂስ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ይቅር ባልሁ ነበር። ሥዕሉም፣ ጨፋሪዎቹ ማነሳቸውም፣ ዛፉም የድህነት ነው ብዬ ባለፍሁት ነበር፤ ድሀ ቴያትር መልካም ቴያትር ሊሆን ይችላልና። ይቅር ያላልሁት አሁን የምነግራችሁን ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳ በእሳቱ አጠገብ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በአሳብዋ ሩቅ አገር እየዞረች የምትዘፍነው ዘፈን አለ። ተዋናዪቱ ገና ወጣት ናት፤ ድምፅዋም ንጹሕና ረጋ ያለ ነው። ዘፈኑ ሊጋመስ ሲል በፊተኛው ተራ የተቀመጠ አራት ዓመት የማይሞላው ሕፃን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለምን ከዚያ ቤት አትሄድም?» ብሎ ጠየቃት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁም የፌዝ አልነበረም። ተዋናዪቱ ወደ ሕፃኑ ዘወር ብላ ፈገግ አለች፤ ሳቁ እስኪበርድም አፏን ዘግታ ጠበቀች። በዚያች ቅጽበት ያ ሁሉ ሕዝብ ከእርሷ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ወደ ሕፃኑ አንድ እርምጃ ብትራመድ፣ የሚቀጥለውንም ስንኝ ለእርሱ መልስ አድርጋ ብትዘፍንለት ሁላችንም ዕድሜ ልካችንን እናስታውሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። ልታደርገውም አስባ ነበር፤ ከወንበሩ ብድግ ብላለችና።

ሙዚቃው ግን አልጠበቃትም። ሳቁንም፣ ሕፃኑንም፣ ፈገግታዋንም የሚሰማ ጆሮ የለውምና ዝም ብሎ ሄደ። ልጅቱ ይህን ባወቀች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ሁለቱን ስንኝ እየዋጠች ሮጣ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ተመልካች አልተመለከተችም። እኔ አልፈርድባትም። ከሰው ጋር ልትጫወት የመጣች ልጅ መኪና እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ መንገደኛ ሆነች።

በሙዚቀኞቹ ስፍራ አንድ መሪ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እጁን ከፍ አድርጎ ሙዚቃውን ይይዘው ነበር፤ ሳቁ ሲያልቅ፣ ልጅቱም ትንፋሽዋን ስትሰበስብ እጁን ያወርድ ነበር። ይህ ትልቅ ጥበብ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ባለማሲንቆው ምቱን እያዞረ ይጠብቀዋል፤ እንግዳው ቃል ቢጠፋበት አንድ ዙር ይጨምርለታል፤ ቤቱ ቢስቅ ከሳቁ ጋር ይስቃል። አንድ ሰው በአንድ ጅማት የሚያደርገውን ያ ሁሉ ድምፅ ማጕያ ሊያደርገው አልቻለም።

አያቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ በ1955 በተከፈተው፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ይባል በነበረው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር በምንለው ቤት ትርኢት ያዩ ነበር። የአርመን ተወላጁ የሙዚቃ መምህር ኔርሲስ ናልባንዲያን በዚያ ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን እንዳሠለጠኑ የታወቀ ነው። አያቴ ስለ ተዋንያኑ ብጠይቃቸው ብዙውን ረስተውታል። የሙዚቀኞቹን ልብስ ግን እስከ ቍልፉ ይነግሩኛል። መለከት ነፊው ከመንፋቱ በፊት ጕንጩን ሲሞላ ማየት ይወዱ ነበር፤ «አሁን ሊመጣ ነው ብለሽ ትጠብቂያለሽ» ይላሉ። እኛ ግን በዚያ ምሽት የሚጠበቅ ነገር አልነበረንም።

ይህን አስተያየቴን ለማከብራቸው አንድ መምህራችን ነግሬአቸው ነበር። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው የሚከተለውን መለሱልኝ። ተዘዋዋሪ ቡድን ብዙ ወጪ አለበት፤ ጠዋት በካሚዮን ደርሶ ዕቃውን ያራግፋል፣ ማታ ይጫወታል፣ ሌሊት ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሙዚቀኞችን ደግሞ ማጓጓዝ፣ ማሳደርና መመገብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቡድን ባይኖር ኒው ዮርክ ለመሄድ አቅም የሌለው ሰው ሁሉ ሳያይ ይቀራል፤ ከምንም ያልተሟላው ይሻላል አሉኝ። መምህራችን የተናገሩት እውነት ነው፤ በተለይ ስለ ድካሙ። ተዋንያኑ ያን ቀን ከየት እንደ መጡና በማግሥቱ ወዴት እንደሚሄዱ ሳስብ ያዝንላቸዋል ልቤ።

ነገር ግን ተዘዋዋሪ ቡድን ሁሉ በዚህ መንገድ አይሠራም። መሪውንና ጥቂት ሙዚቀኞችን ብቻ ይዞ የሚዞር፣ የቀሩትን በየደረሰበት ከተማ ከዚያው አገር ሙዚቀኞች የሚቀጥር ቡድን አለ። እንዲህ ሲሆን የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል፤ የከተማውም ሙዚቀኛ እንጀራ ያገኛል። በእኛ አካባቢ ሙዚቀኛ ጠፍቶ ነው የሚል ሰው ካለ ከዋሺንግተን ዳርቻ ያሉትን ቤተ ክርስቲያናት፣ የሠርግ አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች አይቶ ይመለስ። በማሽኑ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ለአንድ ፒያኖ ተጫዋችና ለአምስት ሙዚቀኞች አውሎ፣ በግድግዳው ላይ የሚጣለውን ሥዕል ቢያስቀር እኔ በደስታ እመለከተው ነበር።

ደግሞም ክርክሩ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 2003 የብሮድዌይ ሙዚቀኞች ሥራ አቁመው ነበር። ምክንያቱም የቴያትር ባለቤቶች በየአዳራሹ ሊኖር የሚገባውን ዝቅተኛ የሙዚቀኛ ቍጥር ሊቀንሱ ስለ ፈለጉና፣ ሙዚቀኞቹ እንቢ ካሉም በማሽን ሙዚቃ ለመጫወት ስለ ተዘጋጁ ነው። ታዲያ ተዋንያኑና የመድረክ ሠራተኞቹ ሙዚቀኞቹን ትተን አንገባም ብለው ከውጭ ቀሩ፤ ሙዚቃዊ ቴያትሮቹ ለአራት ቀናት ተዘጉ። በመጨረሻ በስምምነት ከ24 እስከ 26 የነበረው የትልልቆቹ አዳራሾች ዝቅተኛ ቍጥር ወደ 18 እና 19 ወረደ። ሙዚቀኞቹ ሙሉ በሙሉ አሸነፉ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የዘፈን ሥራቸው የሆነ ተዋንያን፣ ደመወዛቸው እየቀረባቸው፣ በማሽን ፊት አንዘፍንም ማለታቸውን አስቡት። ያ የእኛ ሲንደሬላ በእሳቱ ዳር ምን እንደ ደረሰባት ብታዩ ምክንያታቸው ይገባችኋል።

ስለ ዋጋውም አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ልማድ ተረት የሚያወራ ሰው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልስለታል፤ ሰሚው ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ዳቦው የሚጠየቀው ከተረቱ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። እኛ ዳቦውን ከሦስት ወር በፊት ሰጥተናል፤ ስለዚህ ምን እንደምንሰማ አስቀድሞ ሊነገረን ይገባ ነበር። በማስታወቂያው ላይ የልዕልቲቱ ሥዕል ከታተመበት ቦታ በታች «ሙዚቃው በመሣሪያ የተቀረጸ ነው» የሚል አንድ መስመር ማተም ስንት ያስወጣል? ያን ያነበበ ሰው ቢፈልግ ይገዛል፤ ባይፈልግ በ331 ዶላሩ ሌላ ነገር ያደርግበታል።

በመጨረሻ መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። በዚህ አገር ለማንኛውም ትርኢት መነሣት ልማድ እየሆነ መጥቶአል። አያቴ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው አጨበጨቡ፤ እኔ ጕልበቴን ሳያመኝ ተቀምጬ አጨበጨብሁ። በመኪና ውስጥ እናቴ «ለልጅቷ ብለሽ እንኳ ብትነሺ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ለልጅቱማ እጄ እስኪግል አጨብጭቤላታለሁ፤ እንጀራ እናቲቱን ለሆነችውም ሴት እንዲሁ፤ እርሷ ያለ ሙዚቃ በንግግር ብቻ አዳራሹን በሳቅ አፍርሳዋለችና። ነገር ግን መነሣት ለሁሉም በእኩል የሚሰጥ ከሆነ ትርጕሙ ይጠፋል፤ ቡድኑም በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር ቀንሶ ይመጣል። እናቴ በዚህ አልተስማማችም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የድራማ ክበባችን በሚመጣው ጸደይ ይህንኑ ሲንደሬላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለመጫወት ወስኖአል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በግንቦት ወር በተደረገው ስብሰባ፣ ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል፣ የትምህርት ቤታችን ኦርኬስትራ ቀርቶ የተቀረጸ ሙዚቃ በኪራይ እንዲመጣ አሳብ ቀርቦአል፤ ውሳኔው ግን ለመስከረም ተላልፎአል። በስብሰባው የቀረቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው ተብሎአል፤ የተቀረጸው አይሳሳትም፣ ተዋንያኑ ቤታቸው ሆነው ከእርሱ ጋር ሊለማመዱ ይችላሉ፣ የእኛ መለከት ነፊዎች ደግሞ ገና ደካሞች ናቸው።

ስለ መለከት ነፊዎቹ አልከራከርም፤ በታኅሣሡ ኮንሰርት ሰምቼአቸዋለሁ። እኔ ራሴ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት አልችልምና ለወገኔ አልሟገትም። ነገር ግን በዚያ ኮንሰርት ላይ የዘጠነኛ ክፍሏ ዘፋኝ በፍርሃት መጀመሪያዋን ስትረሳ የሙዚቃ መምህራችን በፈገግታ አንገታቸውን ነቅንቀው አራቱን ምት እንደ ገና አስጀመሩላት፤ ከአዳራሹ ግማሹ ምን እንደ ሆነ እንኳ አላወቀም። ይህች ልጅ በሚመጣው ጸደይ በመድረክ ላይ ብትሆንና ከኋላዋ ማሽን ብቻ ቢኖር በዚያች ሰዓት ማን ይደርስላታል? ትምህርት ቤት የምንማርበት ቤት ነው፤ ለመሳሳትም፣ ጓደኛው ሲሳሳት ለመጠበቅም የሚማርበት ሌላ ቦታ ከየት ይገኛል?

ከዚህም በቀር በኦርኬስትራችን ውስጥ 26 ተማሪዎች አሉ። የተቀረጸው ሙዚቃ ከመጣ እነዚህ 26ቱ ቲኬት ገዝተው ሊያዩ ነው። ከእነርሱ ውስጥ ክላሪኔቱን ለመከራየት ከቡና ቤት ሥራው ደመወዝ በየወሩ የሚከፍል አንድ የክፍሌ ልጅ አለ።

ወጪውን በሚመለከት ባለፈው ዓመት ለእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ ወላጆቻችን ሳምቡሳና ቡና ሸጠው ገንዘብ ያሰባሰቡ መሆናቸውን አስታውሳለሁ፤ ሳምቡሳው በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ለሙዚቀኞቹም ይህንኑ እንዲያደርጉ ብንጠይቃቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሙሉው ኦርኬስትራ ባይቻል እንኳ ፒያኖና ከተማሪዎቹ የተሻሉት አሥሩ ይበቃሉ። ኮሚቴው ይህን ሁሉ መርምሮ አሁንም የተቀረጸውን ከመረጠ ግን፣ ያ አንድ መስመር በማስታወቂያችን ላይ በጕልህ ፊደል ይታተም፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት፣ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ነው። ወላጆችም መገኘት ይችላሉ። አያቴ እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ለማስተርጐም እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።